ከድር መስመር ከመንቀሉ በፊት

የከድርን ሞት የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰኞ ጠዋት ከመካኒሳ ወደ ጎፋ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተጣብቤ ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ቴሌግራም ላይ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» የሚል መልእክት አየሁ። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል። የማን ሞት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ላይ መጎተት ነበረብኝ። እሁድ ረፋድ ላይ አርፎ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቀብረውታል። እኔ ያን ሰዓት ቤቴ መጋረጃ ሳጥብ ነበር። ረዳቱ «ጎፋ ወራጅ አለ?» ሲል አፌ አልከፈት ብሎኝ አለፍኩት። ከዚያ የማላውቀው ቦታ ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ፣ እየተመለስኩም ከራሴ ጋር እጣላ ነበር። ሰው እንዴት ስልኩን አንድ ቀን ሙሉ ሳያይ ይውላል?

አብረን የሠራንበት ቢሮ እዚያው ጎፋ፣ ከአንድ ፈርኒቸር ቤት በላይ ነበር። ከሥር መጋዝ ይጮሃል። መስኮት ስንከፍት የእንጨት ዱቄት ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ስንዘጋው የቫርኒሹ ሽታ ራስ ያዞራል። የምንሠራው ዕቃ አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ የክትባት ፍሪጅ ላይ ትገጠማለች፣ ቅዝቃዜውን ትለካለች፣ ፍሪጁ መሞቅ ሲጀምር ነርሷ ስልክ ላይ መልእክት ትልካለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በራሷ ባትሪ ትቀጥላለች። ቢሮ ውስጥ «ዘበኛዋ» ነበር የምንላት።

ከድር የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሹራቡን እጅጌ ሁልጊዜ እስከ ክርኑ የሚሰበስብ ሰው። ሲቀመጥ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ የሁላችንም ስክሪን። ካርቶን አጥፈን ከጠረጴዛው እግር ሥር አስገባን፣ አልሆነም። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን የፋይል ቁም ሳጥን ላይ አውጥቶ ቆሞ መሥራት ጀመረና ሁላችንም አረፍን። ሳምቡሳ የሚበላው እየሄደ ነው። ስልክ ሲደወልለት ደረጃውን ወርዶ መንገድ ላይ ይንጎራደድና ሸሚዙ ላይ ቫርኒሽ አስነክቶ ይመለሳል። ባለቤቱ ሀያት አንድ ቀን ቢሮ መጥታ «እናንተ ናችሁ እንዴ የምትቀቡት?» ብላናለች።

የመጀመሪያ ቀን «አቶ ከድር» ብዬ ስጠራው «አቶውን ቀበሌ አስቀምጪው፣ እዚህ ከድር ይበቃል» አለኝ። ስሜ ቤዛ መሆኑን ሰምቶ ገና ሳልቀመጥ ቤዚ አደረገኝ። ከዚያ ስክሪኑን አዞረና ጣቱን አንድ የኮድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«የማን ናት?»

መስመሯ ምን እንደምትሠራ ማብራራት ጀመርኩ። ትምህርቱ ትኩስ ነበር፣ ማሳየትም ፈልጌያለሁ።

«የምትሠራውንማ እኔም አያለሁ። የማን ናት? ማን ነው የጻፋት? ምን ቸግሮት ነው?»

እኔ እንግዲህ ይህን ሰው ቀበጥ ነው ብዬ ነበር። ኮድ ኮድ ነው፣ ይሠራል ወይም አይሠራም፣ የባለቤቱ ስም ምን ያደርጋል? እንዲያ ብዬ ብዙ ጊዜ ተከራክሬዋለሁ። ሲከራከር ዓረፍተ ነገር አይጨርስም፣ ግማሹን ይተውልሽና ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

የተጨነቅንበትን ነገር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፣ አይከብድም። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት ይፈጥናል፣ ሥራ ሲያጣ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ባትሪ ይቆጥባል። መቼ እንደሚፈጥን፣ መቼ እንደሚዘገይ የሚያዘው ከርነል የሚባለው፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የሚቆምበት ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ኮድ ነው። ታዲያ አንድ ሕግ አለ፤ ፕሮሰሰሩ ከመፍጠኑ በፊት ቮልቴጁ ቀድሞ ከፍ ማለት አለበት። ቮልቴጁ ሳይደርስ ፍጥነቱ ከቀደመ ሳጥኗ ሃንግ ታደርጋለች። ድርቅ ትላለች፤ ፍሪጁ ቢሞቅ ትንፍሽ አትልም።

እኛ ደግሞ አንዱ ቦርድ፣ ፕሮሰሰሩ የተገጠመበት ሰሌዳ፣ ከገበያ ሲጠፋ ሌላ እየተካን ሦስት ዓይነት ቦርድ አከማችተናል። ለሦስቱም ያው ኮድ እየተገለበጠ፣ በየሰዉ እጅ ትንሽ ትንሽ እየተነካካ ተቀምጧል። አንዱ ጋ የታረመ ስህተት ሌላው ጋ ይረሳል። ሃንግ ማድረጉ ሲበዛ አንድ የሰለቸው ሰው ፍጥነት መቀያየሩን ጭራሽ ዘግቶት ሥራ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኖቻችን ሥራ ኖረም አልኖረም በሙሉ ፍጥነት ይሮጣሉ። መብራት የጠፋ እንደሆነ ባትሪያቸው ሳይነጋ ያልቃል። ነርሷ ጠዋት ስትመጣ ፍሪጁም ሞቋል፣ ዘበኛዋም ሞታለች።

የኩባንያው ባለቤት ወይዘሮ ሰናይት ከደቡብ ትልቅ ትእዛዝ ያመጡት በዚህ መሀል ነው። ገዢዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሳጥኗ በባትሪ ብቻ እስከ ንጋት ትቆይ። ካልቆየች አንወስድም አሉ። ወይዘሮ ሰናይት የሰኞ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ ያቺን ረጋ ያለች ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ይህ ካመለጠን ቢሮውን እንዘጋለን፣ አይደል?» አሉ። ሁላችንም ልጅና ኪራይ ያለን ሰዎች ነን።

ከድር ሦስቱን ኮዶች አፍርሶ አንድ ንጹሕ ኮድ እንሥራ አለ። በዚህ ተስማማን። ያልተስማማነው ሌላው ነገር ላይ ነው። አንድም መስመር ጸሐፊው ሳይጠየቅ አይነቀልም ብሎ ወሰነ።

«ስልክ ደውላ» አልኩት።

«ስልክ ላይ ሰው አያስታውስም። ቤቱ ሄደሽ ፊቱን ስታይው ነው የሚያስታውሰው።»

እናም መዞር ጀመርን። ላፕቶፕ ይዘን፣ በፌስታል ብርቱካን ገዝተን፣ የጥንት ሠራተኞችን ደጃፍ ማንኳኳት። መጀመሪያ የሄድነው መካኒሳ አቦ፣ ኮድ ትቶ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ የከፈተው ሰለሞን ጋ ነው። ከድር ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ ስለ እናቱ ወገብ ጠየቀ፣ ስለ ገበያው ጠየቀ፣ ስለ አዲሱ መንገድ ሥራ አብረው አማረሩ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ከዚያ ላፕቶፑን የሽንት ቤት መቀመጫ ካርቶን ላይ ከፍቶ አንዲት መስመር አሳየው። መስመሯ የሳጥኗ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ፕሮሰሰሩን ወደ ሙሉ ፍጥነት ታስፈነጥራለች።

ሰለሞን አፍጥጦ አየና ሳቁ አመለጠው። «ይቺ እስካሁን አለች እንዴ? ኧረ እኔን! እንግዶች ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ስክሪኗ እየተንቀራፈፈች እንዳታዋርደን ብዬ ነው። ለዚያች ቀን ብቻ ነበር እኮ!»

«ልንቀላት?»

«ንቀላት እንጂ ወንድሜ!»

ከድር በሁለት እጁ ጨበጠው። ልጅ ለጋብቻ ጠይቆ የተፈቀደለት ሽማግሌ ይመስል ነበር፣ እየሳቅኩበት ወጣሁ። ግን ያን ዕለት ገባኝ። መስመሯን ከድር ዝም ብሎ ቢነቅላት ኖሮ ምንም አይጎዳም ነበር፤ ሰለሞን ግን አንድ ጊዜ የሠራው ነገር ዓመታት ሙሉ በየጤና ጣቢያው ሲሠራ እንደኖረ ሳያውቅ ይቀር ነበር። ስንወጣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ እስክንርቅ ያየን ነበር። ሌላዋ ጸሐፊ ሐዋሳ ገብታ ስለነበር እሷን በስልክ አገኘናት፤ ከድር መንገድ ለመንገድ እየተንጎራደደ አወራትና ሦስት መስመር ነቀልን። ሌላው ጎፋ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ገብተን ቄራ ደርሰን እስክንመለስ አስረዳን። ኮዱ እያነሰ፣ እየጠራ ሄደ። እኔም ሳላስበው ብርቱካን ለመግዛት የምቸኩለው ሆንኩ።

በመጨረሻ አንዲት መስመር ቀረች። ቮልቴጁ ከፍ ካለ በኋላ፣ ፍጥነቱ ከመጨመሩ በፊት፣ ለጥቂት ጊዜ ቆም ብሎ የሚጠብቅ ትእዛዝ ናት። ያለችው ከሦስቱ ቦርዶች በአንዱ ኮድ ውስጥ ብቻ ነው። ምንም ማብራሪያ አልተጻፈባትም። ነቅለን ጠረጴዛችን ላይ ባለችው ሳጥን ሞከርን፤ ሳጥኗ ያለ እሷም ደህና ትሠራለች። ፍጥነቱ በተቀያየረ ቁጥር ግን ትርፍ ጥበቃ ታስገባለች፤ ለኮድ ሰው ዓይን የሚያስጠላ ነገር ነው። እኔ ወዲያው ትነቀል አልኩ።

«የማን ናት?» ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። የአማኑኤል ነበረች።

አማኑኤል ከኔ መቀጠር በፊት የነበረ ሰው ነው፣ ታሪኩን ግን ቢሮው ውስጥ የማያውቀው የለም። ሁለተኛው ዙር ሳጥኖች ወጥተው በየጤና ጣቢያው ሃንግ ማድረግ ሲጀምሩ ወይዘሮ ሰናይት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ከድር ቆሞ የአማኑኤል ኮድ ነው አለ። አማኑኤል አልተከራከረም። «እሺ፣ ኮዱ የኔ ነው» ብሎ ሳጥኖቹን በዚያው ሳምንት አስተካከለና ወጣ። ከዚያ በኋላ ከቢሮው ሰው ጋር አልተገናኘም፣ የስልክ ቁጥሩንም ቀየረ። ከድር ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ይህን ይተርክ ነበር። «ተቻኩላችሁ ስትጽፉ እንዲህ ይሆናል» እያለ። ለኔም ነግሮኛል።

እንግዲህ ያ በብርቱካን ፌስታል ከተማውን ያዳረሰ ሰው ፉሪ መሄድ አቃተው። አማኑኤል ፉሪ ስልክ ጥገና መክፈቱን ሰለሞን ከሰው ሰምቶ ነግሮናል፣ ሩቅ አይደለም። ዛሬ ዝናብ ነው ይላል፣ ነገ ጁምዓ ነው ይላል፣ በሚቀጥለው ቀን ሆዱን ያመዋል። መስመሯንም አይነቅላት፣ ሰውየውንም አይጠይቀው። ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ ስክሪኑን እየከፈተ ይዘጋል። ወለሉ ላይ ያመላለሰው መንገድ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ማስረከቢያው ደርሷል፣ ወይዘሮ ሰናይት በር ላይ ብቅ እያሉ ፊታችንን አይተው ይመለሳሉ። እኔ በጣም ተናደድኩ። አንድ ቀን ቦርሳዬን አንግቼ «በቃ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ የኔ ጠላት አይደለም» ብዬ ደረጃው ጋ ስደርስ ከኋላዬ የጫማው ድምፅ መጣ።

እስከ ሀና ማርያም በታክሲ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። ብርቱካኑን ታክሲው ውስጥ ረሳው። ባጃጁ ግማሽ መንገድ ሲደርስ «እዚህ ጋ አውርደን» ብሎ የቀረውን በእግር አስኬደኝ። ሱቋ ጠባብ ናት፣ በሩ ላይ የስልክ ሽፋኖች ተንጠልጥለዋል፣ ውስጥ ዝግ ያለ መዝሙር ይሰማል። አማኑኤል አጭር፣ እርጋታው የሚያሳፍር ሰው ነበር። ሲያየን መዝሙሩን ቀነሰ፣ ያለችውን አንዲት የዱካ መቀመጫ ለኔ ሰጠኝ።

«ሰላም ነህ ወንድሜ ከድር?»

ያ የሰው እናት ወገብ ሳይቀር የሚጠይቅ ሰው ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይመልስ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፈተ። «ይቺን ለምን ጻፍካት?»

«ቮልቴጁን እንድትጠብቅ» አለ አማኑኤል፣ ብዙም ሳያያት።

«ቮልቴጁ እኮ ወዲያው ይደርሳል። ለክቼዋለሁ።»

«በየትኛዋ ሳጥን?»

«ቢሮ ባለችው።»

«እሷ ላይ ያለችው ኦሪጅናሏ ቺፕ ናት። ጤና ጣቢያ ያሉትን አልለካህም።»

እኔ አልገባኝም ነበርና አማኑኤል ወደኔ ዞሮ አስረዳኝ። ቮልቴጁን ለፕሮሰሰሩ የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ለሁለተኛው ዙር ያቺ ቺፕ ከውጭ መምጣት አልቻለችም። ተመሳሳይዋ መርካቶ ተገኘች፣ ከመሀከላቸው ጥቂት ተሞከሩ፣ ጥሩ ናት ተባለ፣ ሁሉም ሳጥን ላይ ተገጠመች። ከነዚያ ብዙዎቹ ግን ቮልቴጅ ከፍ ለማድረግ ይዘገያሉ። ፕሮሰሰሩ ቀድሟቸው ይፈጥናል፣ ሳጥኗ ትደርቃለች። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። መስመሯ የገባችው ቺፗ እስክትደርስ እንድትጠብቅ ነው፤ ብንነቅላት ኖሮ አዲሱ ኮድ ሲጫንባቸው የሁለተኛው ዙር ሳጥኖች አንድ በአንድ ዝም ይሉ ነበር።

ቺፗን መርካቶ ሄዶ የመረጣት፣ የሞከራት፣ ጥሩ ናት ያለው ከድር ነው።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለ ከድር። ድምፁ ተለውጧል።

«ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ለካሁት።»

«ታዲያ ለምን…»

«ወይዘሮ ሰናይት ጥፋተኛው ይወጣል አሉ እኮ። አንተ ያኔ ሚስትህ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ልጅህ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ ማሞቂያ ውስጥ ናት። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ምን ልበል?»

«መስመሯ ላይ ምክንያቱን ለምን አልጻፍክም?» አልኩ እኔ። ሞኝ ጥያቄ ነበር።

«ብጽፈውማ ይወጣ ነበራ፣ እህቴ።»

የከድር እግር ቀጥ ብሏል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ ሰውነቱ በሙሉ እንደ ግንብ ቆሞ ነበር። አማኑኤል ባንኮኒውን ዞሮ መጣና እጁን ያዘው። «አደራህን፣ አሁንም አትናገር። መስመሯን ብቻ ተዋት። አልፏል።» ከድር እጁን ቀስ ብሎ አወጣና ላፕቶፑን እንኳ ሳይዝ ሄደ። እኔ ሰብስቤ ከኋላው ሮጥኩ።

ከፉሪ ጀምሮ በፀሐይ እየተከተልኩት ጮህኩበት። ጫማዬ ተረከዜን ልጦኛል። ብትናገር ወይዘሮ ሰናይት ያባርሩሃል፣ ካላንተ ማንም አይጨርሰውም፣ ሁላችንም እንበተናለን አልኩት። እውነቴን ነበር። እሱ የሚሰማኝ አይመስልም።

«ለስንት ሰው ነው ስሙን በክፉ ያነሳሁት?» አለ በመጨረሻ፣ ሳይዞር። «ላንቺም ነግሬሻለሁ።»

«እሱ ራሱ ተው ብሎሃል!»

«እሱማ ይበል።»

እስከ ሰኞ እንቅልፍ የተኛ አይመስለኝም። ኮዱን ግን ጨረሰ። ሦስቱ አንድ ሆኑ፤ የአማኑኤል መስመር ለሁሉም ቦርድ ገባች። በሁለቱም ዓይነት ቺፕ ሞከርናቸው። ሳጥኖቹ ሥራ ሲያጡ ዘገዩ፣ ሲነኩ ነቁ፣ አንዲቷም አልደረቀችም፣ በባትሪ ብቻ ሌሊቱን አድረው ጠዋት ስንገባ በሕይወት ጠበቁን። እኔ ዘለልኩ። ከድር ፈገግ እንኳ ሳይል ወደ ስብሰባው ገባ።

እዚያም ቆመ። አማኑኤልን በወነጀለበት ክፍል፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ያኔ ሳጥኖቹን ያደረቀው የአማኑኤል ኮድ አይደለም። እኔ የመረጥኳት ቺፕ ናት። እሱ ያውቅ ነበር፣ ለኔ ብሎ ዝም አለ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ሰበብ ቢያቀርብ ብዬ ተመኘሁ፤ ዋናዋ ቺፕ እንደጠፋች፣ ጊዜው እንዳጠረ፣ ሆስፒታል እንደነበረ ብዙ የሚለው ነበረው። ወይዘሮ ሰናይት ብዕራቸውን አስቀመጡ፣ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። የቴክኒክ ክፍሉን ኃላፊነት ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው እንደሚይዙት፣ እሱ ግን ሥራውን እንዲጨርስ ነገሩት። ቀጥለው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያባረርኩት እኔ ነኝ፣ አይደል?» አሉ። ለከድር አልነበረም የሚናገሩት።

ለአማኑኤል የደወልኩለት እኔ ነኝ፣ የሱቁ በር ላይ ከተጻፈው ቁጥር። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። «ማን ተናገር አለው?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

የመጣው ሳጥኖቹን ፒካፕ ላይ የምንጭንበት ቀን ነው። ከፈርኒቸር ቤቱ የተጋዘ እንጨት ክምር ጎን ቆሞ አየሁት፤ ያ እርጋታው የለም፣ ፊቱ ቀልቷል። ከድር ካርቶን ተሸክሞ ከደረጃው ሲወርድ ፊት ለፊት ገጠመው።

«ለምኜህ ነበር» አለው። «እጅህን ይዤ።»

«ለምነኸኛል።»

«ያ የኔ ነበር እኮ! ያ ዝምታ የኔ ነበር። ማን ፈቀደልህ?»

ከድር ካርቶኑን መኪናው ጫፍ ላይ አሳረፈ። «እስከ ዛሬ ደሞዝ የበላሁት በሱ ነው፣ አማኑኤል። ሳላውቅ በላሁ። አውቄ እንዴት ልብላ?»

«ልጅ አለህ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ልጅ አለህ ብዬ…» አለ አማኑኤል እንደገና፣ ንዴቱ መሀል ላይ ከዳው። መጋዙ ከውስጥ ይጮህ ስለነበር ቀጥሎ ያለውን ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ። «ያቺ ልጅ… ተረፈች?»

እስኪገባኝ ድረስ ትንሽ ቆየሁ። ይህ ሰው ለእሷ ብሎ ሥራውን፣ ስሙን ትቶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ስላልተገናኘ፣ ማሞቂያ ውስጥ ትቷት የሄደው ሕፃን ትኑር ትሙት አያውቅም። ዓመታት ሙሉ አያውቅም።

«ተርፋለች!» አለ ከድር። «ያ አላህ፣ ተርፋለች እንጂ! ትናንት የፊት ጥርሷ ወልቆ ሰፈሩን በጩኸት አናውጣዋለች። ሱቅህ ስመጣ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ፈራሁ። ሞታለች ብትለኝስ?»

ከድር ስልኩን አወጣና ፎቶ መፈለግ ጀመረ። እየቸኮለ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፈዋል። አማኑኤል ስልኩን ከእጁ ወሰደ። ቀስ እያለ አንድ በአንድ አሳለፈና የፊት ጥርሷ የጎደለ ልጅ ላይ ቆመ።

«ይቺ ናት» አለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ።